ሠርገኛ ምን ይዞ ይሄድ ነበር?

ባለፈው ኅዳር አንድ የሥራ ባልደረባችን በጠረጴዛዎቻችን መካከል እየተዘዋወረ የሠርጉን መጥሪያ አደለን። መጥሪያው እንደ ወጉ ነው፤ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ የሁለት ቤተሰብ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። አዲስ የሆነብን በውስጡ ታጥፋ የተቀመጠችው ወረቀት ናት። ሠርጉ የሚደረገው በከተማ አዳራሽ ሳይሆን በወንጪ ሐይቅ አፋፍ፣ በገላጣ ሜዳ ላይ ነውና ወረቀቷ ለእንግዳው መመሪያ ትሰጣለች። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም ትላለች። ቦታው ደጋ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ይበረታልና የሚደረብ ልብስ ያዙ ትላለች። አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ የዘገየ አይጠበቅም ትላለች። ቁልቁለቱን በእግሩ ለማይችል ፈረስ ይዘጋጃል ትላለች።

ሳቅን። አንዱ «ሠርግ ነው ወይስ ዘመቻ?» አለ። ገንዘብ ያዣችን «ሙሽራ ለማየት ስንቅ ልቋጥር ነው?» ስትል ሳቁ ደመቀ። በር ላይ የሚቆሙት አረጋዊ ጥበቃችን ግን አልሳቁም። ወረቀቷን አስነበቡኝና ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ምኑ ያስቃል ልጄ?» አሉኝ። «በእኛ አገር ይኸን ሁሉ ማንም ሳይጽፍለት የሚያውቅ ሰው ነበር ሠርገኛ የሚባል።»

ይህ ንግግራቸው እስከ ማታ ከአእምሮዬ አልወጣም። የከነከነኝም በከንቱ አይደለም፤ የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እርሱን በቦታው እናገራለሁ። ለጊዜው ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሩቅ አገር ለሚደገስ ሠርግ ሲነሡ ምን ያውቁ እንደነበር፣ ምን ይዘው ይሄዱ እንደነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን ይሄዱ እንደነበር አብረን እንመልከት።

የጊዜው ነገር

የአገራችን ደገኛ ገበሬ ልጁን በፈቀደው ቀን አይድርም ነበር። ቀኑን የሚቆርጡለት ሦስት ጌቶች ነበሩ፤ እህል፣ ወንዝና ጾም። በክረምት ወንዝ ይሞላል፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ ሊመጣ አይችልም። በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ቢጎድልም ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፤ በዚያ ላይ ጊዜው የአጨዳና የውቂያ ነው። ገና ሲደርስ ሦስቱ ጌቶች በአንድነት ይታረቃሉ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ወንዙ ድንጋዩን እየረገጡ የሚሻገሩት ሆኗል፤ ጾሙም ተፈትቷል። ይህ ክፍት በር እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ድረስ ይቆያል። ጥር የሙሽሮች ወር የሆነው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው በር የሚከፈተው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በእነዚያ ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምምና። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቍርባን የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በዚሁ በፋሲካ ነበር።

እንግዳው እንግዲህ የቀን መቍጠሪያ አያስፈልገውም ነበር። «ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ» ከተባለ በቂ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል፤ በማግሥቱ ጥር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያን ቃና ዘገሊላን ታከብራለች። በዓሉ የሠርግ ቤት በዓል ነው ቢባል አያሳፍርም። ወደዚያ ሠርግ ተጠርተው ከሄዱት እንግዶች መካከል መጠጡ ማለቁን አስቀድማ ያወቀችው እናት ናት። ለተጋባዡ ሁሉ አላወራችም፤ ሊረዳ ለሚችለው ለልጇ ብቻ ነገረችው። የድግሱን ጉድለት አይቶ የደጋሹን ገበና መሸፈን የእንግዳ የመጀመሪያው ግዴታ መሆኑን አያቶቻችን የተማሩት ከዚህ ይመስለኛል።

የመነሻው ቀን እንደ ዝምድናው ቅርበት ይለያያል። እህትና አክስት፣ የአጎት ሚስትና የክርስትና እናት ከሠርጉ ብዙ ቀን አስቀድመው ይደርሳሉ። በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ጠላና ጠጅ ይጠነስሳሉ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ሥራውን እስከ መጨረሻው ሰዓት ባቆየ ቤት ላይ የተተረተ ነው። የቅርብ ዘመድ ሆኖ በሠርጉ ቀን ብቻ ብቅ ማለት ነውር ነበር፤ የሩቅ ዘመድ ሆኖ ከሳምንት በፊት መድረስም እንዲሁ። እንግዳው ከመነሣቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው «እኔ ለዚህ ቤት ምን ያህል ቅርብ ነኝ?» ብሎ ነው። ስንቁንም፣ ስጦታውንም፣ የሚቆይበትንም ቀን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የመንገዱ ነገር

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያገለግለው በአንድ መሥመር ላይ ያለውን ሰው ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙው ሕዝብም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን፣ የሠርግ መንገድ ማለት የእግርና የበቅሎ መንገድ ማለት ነበር።

በቅሎ ያለው በበቅሎው፣ የሌለው ተውሶ ይሄዳል። በቅሎ መዋስ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ባለቤቱ ከበቅሎዋ ጋር ስሙንም አብሮ ያውሳል። ኮርቻውና ግላሱ በዳሱ ደጃፍ በብዙ ዓይን ይመዘናልና። እግረኛው ደግሞ በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ ውኃውን በቅል ይዞ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ይነሣል። ጋቢው ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከብርድ ይከልለዋል። በመንዝና በመሰለው ውርጫም ደጋ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና አብሮ ይሄዳል፤ የጥር ሌሊት በዚያ አገር ሣሩን ነጭ አድርጎ የሚያሳድር ነውና።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የልብሱ ነገር ነው። የክት ልብስ ተለብሶ መንገድ አይጀመርም ነበር። ታጥቦና ታጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይያዛል። ጫማ ያለውም ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይጓዛል። ከሠርጉ ቤት በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ምንጭ ዘንድ ሲደርስ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል፤ የመንገዱን ልብስ አውልቆ የክቱን ይለብሳል፤ ጫማውን ያጠልቃል፤ ከዚያ በኋላ ገና ከቤቱ የወጣ መስሎ ወደ ዳሱ ያቀናል። የወንጪዋ ወረቀት «ምቹ ጫማ ተጫሙ» ብላ የምትመክረንን ነገር አያቶቻችን በራሳቸው መንገድ ፈትተውት ነበር። ለመንገዱም ለክብሩም የሚሆን አንድ ጫማ እንደማይገኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ካገኘው ደጃፍ ቆሞ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል፤ እግሩን ታጥቦ፣ ከቤቱ ያለውን ተመግቦ ያድራል። ወደ ሠርግ የሚሄድ መሆኑን ከተናገረ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል፤ የማን ልጅ ለማን ልጅ እንደሚዳር፣ አጥንታቸው የት ላይ እንደሚገናኝ ይጠየቃል። በዚህ ዓይነት የአንድ ሠርግ ወሬ በእንግዶቹ እግር ከወረዳ ወረዳ ይዛመት ነበር። ጋብቻው በአደባባይ መፈጸሙን አገር የሚያውቀው እንዲህ ነው።

የእጅ ነገር

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሣ። እኔ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም የማዛውር ሰው ነኝ። ገንዘብ ያለ ሰው ብቻውን መሄድ የጀመረው ግን በጣም በቅርብ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በአዲስ አበባ የተመረቀው በየካቲት 1898 ዓ.ም. ነው፤ ከከተማ ውጭ ለነበረው ሕዝብ ደግሞ ባንክ ማለት ለብዙ አሥርት ዓመታት ወሬ ብቻ ነበር። ሰው የሚገበያየው በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ነበር። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሃያ ብር ለሙሽራ ልሸልም ያለ ሰው ከግማሽ ኪሎ በላይ ብር ተሸክሞ ገደል ይወርዳል፣ ገደል ይወጣል። አሞሌውማ ዝናብ እንዳያሟሟው ጭምር የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ስጦታ መላክ ማለት ሰው መላክ ማለት ነበር። ብሩ የሚደርሰው እግር ከደረሰ ብቻ ነው።

አብዛኛው እንግዳ ግን ብር አልነበረውም። ሴቶቹ እንጀራውን በመሶብ፣ ጠላውን በእንስራ አዝለው ይመጣሉ። ያለው በግ ይነዳል። ይህ ሁሉ ሲገባ በብዕር የሚመዘግብ ሰው ባይኖርም የሚረሳ አልነበረም፤ የቤቱ እመቤት ማን ምን ይዞ እንደመጣ በልቧ ትይዛለች። ነገ የዚያ እንግዳ ልጅ ስትዳር እርሷም በተራዋ እንስራ ታዝላለች። «ብድር በምድር» ይባላል። እኔ ከማውቃቸው የሂሳብ መዛግብት ሁሉ ይህ ይረቅቃል፤ ወለድ የለውም፤ ዕዳው ግን ከእናት ወደ ልጅ ይወርሳል።

የዳሱ ነገር

ዳሱ ከጎረቤት በተውጣጡ ጎልማሶች ይጣላል፤ ባላው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ በቅጠል ይከደናል፤ መሬቱም ቄጠማና ሣር ይጎዘጎዝበታል። እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር! አትነሡ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው አስቸጋሪ ጥያቄ የት ልቀመጥ የሚለው ነው። ካህናቱ ከላይ ናቸው፤ ሽማግሌዎች ይከተላሉ፤ ከዚያ እንደ ማዕረጉና እንደ ዕድሜው ነው። ዐዋቂ እንግዳ ከታች ይቀመጥና «ወዲህ ከፍ በል» እስኪባል ይጠብቃል። ይህ ምክር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ለሠርግ ተጋባዥ የተሰጠ ነው፤ ዳሶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የተዳደሩበት ይመስለኛል።

ካህኑ ማዕዱን ሳይባርኩ እጅ አይዘረጋም። ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በእጁ መዳፍ ላይ አፍስሶ ይቀምስና ያቀርባል፤ ይህ የጥርጣሬ ሳይሆን የመታመን ወግ ነው። ጉርሻ ሲቀርብልህ አትመልስም። አዝማሪው ስምህን ጠርቶ ሲያወድስህ እጅህን ወደ ኪስህ ትሰዳለህ፤ ከሌለህም በምርቃት ታልፈዋለህ። የሙሽራው ወገን ሆነህ ከመጣህ የሙሽሪት ዘመዶች በሩን ይዘው እየዘፈኑ አናሳልፍም ሲሉህ መለማመጥንና መግፋትን መመጠን ትችልበታለህ። ቶሎ ከገባህ ልጅቷን አራክሰሃል፤ አጥብቀህ ከገፋህ ደግሞ ጠብ ጀምረሃል።

ይህ ሁሉ ግን የሠርገኛው የላይ ልብስ ነው። ሥራው ሌላ ነው። በሰማንያ በሚፈጸም ጋብቻ ሽማግሌዎች በሁለቱ ወገን መካከል ተቀምጠው ውሉን በቃል ያስነግራሉ። የወንዱ አባት ምን እንደሚሰጥ፣ የሴቷ አባት ምን እንደሚሰጥ በጉባኤ ፊት ይነገራል፤ ስንት በሬ፣ ስንት ላም፣ ስንት ብር። ዋስ ይጠራል። የተጻፈ ወረቀት በሌለበት ዘመን ይህን ውል ጠብቆ የሚያቆየው በዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ጆሮ ነው። በልቶ ጠጥቶ የሄደው ሁሉ እማኝ ሆኖ ይሄዳል። ባልና ሚስት የተጣሉ ዕለት፣ ወይም አንዱ የሞተ ዕለት፣ «በዳሱ ማን ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። እነዚያ ሰዎች ወንዝና ገደል አቋርጠው የሚመጡት ለሥጋውና ለጠጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከመንገዱ ርቀት ጋር ሲመዛዘን ኪሳራ ነበር። የመጡት ሊያዩና ሊሰሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ምስክርነቱ ሁልጊዜ ለሙሽሪት አልቆመም። በ1875 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርኣያ ሥላሴ ስትዳር ገና ሰባት ዓመት አልሞላትም ነበር። እዚያ የታደሙት ታላላቅ ሰዎች የመሰከሩት ለሁለት ዘውዶች እርቅ ነው፤ ለሕፃኗ የመሰከረላት ማን እንደነበር ታሪክ አይነግረንም። ባልዋ በ1880 ዓ.ም. ሞተና ወደ ሸዋ ተመለሰች፤ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሆነች። ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ስንት ሕፃናት በስንት ዳስ ሥር አለፉ! ሠርገኛው ሁሉ እያየ፣ እየበላ፣ እየመረቀ ተመልሷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴቷን ዕድሜ 15፣ የወንዱን 18 አደረገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 አደረገ። እንግዲህ ምስክር መሆን ማለት የተነገረውን መያዝ ብቻ ሳይሆን፣ መነገር የነበረበት ሳይነገር ሲቀር አፍ መክፈትም ነበር ማለት ነው። ያለፈውን ስናወድስ ይህን አንርሳ።

የመመለሻው ነገር

መሄድ እንደሚቸግር መመለስም ይቸግራል። ሽማግሌዎች ሳይመርቁ መነሣት ነውር ነው፤ ከምርቃት በኋላ መሰንበትም ሌላ ነውር ነው። እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባላል። ከሩቅ የመጣ ሰው አንድ ቀን እግሩን ያሳርፋል፤ በሁለተኛው ቀን ዳሱን ሲያፈርሱ ያግዛል፤ ከዚያ ስንቁ ተቋጥሮለት ይሸኛል።

ሠርግ ወደ ከተማ ሲገባ ዳሱ ድንኳን ሆነ፣ ድንኳኑም አዳራሽ ሆነ። መመለሻው ግን ለአንድ ትውልድ ያህል እንደገና ከባድ ሆኖ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ነበርና ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ በድንኳኑ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ እስኪነጋ ይቀመጥ ነበር። ወላጆቻችን ስለዚያ ዘመን ሠርግ ሲያወሩ ስለ ምግቡ አያነሡም፤ የሚያነሡት ሌሊቱን ሙሉ ስለተጨዋወቱት ጨዋታ ነው። ማንም ወደ ቤቱ መሄድ ስላልቻለ ሁሉም ሠርገኛ ሆኖ አደረ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለ። በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ደግሞ እንግዳ የሌለበት ሠርግ አየን። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። አሁን ስጦታ ለመላክ አንድ ጣት ይበቃል።

የራሴ ነገር

ቃል የገባሁትን ልፈጽም። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር የአክስቴ ልጅ መንዝ ውስጥ ተዳረች። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ዘንድ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከመኪና መንገዱ ወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። እኔ ያኔ በባንክ ሥራ ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዓመት ፈቃድ አለቀብኝ አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሦስት ቀን ነበረኝ። የፈራሁት ብርዱንና አቀበቱን ነው። አዲስ ጫማ ነበረኝና እርሱንም ፈራሁለት። ስለዚህ ከወር ደመወዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ አንሥቼ አቅራቢያቸው ወዳለው ከተማ ላክሁ። በአካል ብሄድ ከምሸልማት በላይ ስለሆነ እንደ ውለታ ቈጠርሁት።

በአራተኛው ዓመት ከባልዋ ጋር ተለያዩ። አባቷ በሠርጉ ዕለት በዳሱ ውስጥ ሁለት ወይፈንና አንድ ጊደር ለልጄ ሰጥቻለሁ ብለው ተናግረው ነበር። የባልዋ ወገን ደግሞ የተሰጠው ጊደሯ ብቻ ናት አለ። አባቷ በመካከሉ ሞተዋል፤ ዋስ የነበረው ሰው አገር ለቅቋል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ከእርሷ ወገን የተማረና የሚታመን ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እኔ ተጠራሁ። በዚህ ጊዜ ሄድሁ፤ ብርዱም አቀበቱም ያኔ ያሰብሁትን ያህል አልነበሩም። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ቀና ብለው አይተውኝ፣ «አንተ በዳሱ ነበርህ?» አሉኝ። አልነበርሁም አልሁ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ጊደሯ ብቻ ተፈረደላት።

ስንለያይ የአክስቴ ልጅ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው። «ወንድሜ፣ ያን ጊዜ የላክኸው ብር ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ብር ግን አይመሰክርም» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ዛሬም ድረስ ቀን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሳስተላልፍ ውዬ ማታ የምትመጣብኝ ይህች ቃል ናት።

ዛሬ እንኳን ልሂድ ቢሉ የማይኬድበት መንገድ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ስንት ዘመድ ከስንት ሠርግና ከስንት ለቅሶ ቀርቷል። መንገድ የከለከለው ሰው ገንዘቡን ቢልክ፣ ድምፁንም ቢያሰማ፣ ማን ይፈርድበታል? እኔ የምወቅሰው መንገዱ ተከፍቶለት ጫማውን የፈራውን ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ወንጪ እሄዳለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ሰዎች የነገርኋቸውን ለእናንተም ልድገመው። ወረቀቷን አትሳቁባት፤ የጎደላት ነገር ካለ እንጨምርላት እንጂ። የሚረገጥበትን ጫማ ተጫሙና የክታችሁን በእጃችሁ ያዙ። ደራቢ ልብስ ስትይዙ ለአንድ አረጋዊ የሚተርፍ ጋቢም ጨምሩ፤ ሐይቁ በደጋ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነውና ጀምበር ስትጠልቅ ብርዱ ከታች ይነሣል። ጥቂት ቆሎ በኪሳችሁ ይኑር፤ ድግሱ ቢዘገይ የደጋሹን ገበና ይሸፍናል። ፈረሱን ጉልበታቸው ለደከመ ተዉላቸው፤ ፈረሱን ለሚስበው የአገሬው ልጅም ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ከአውቶቡሱ አትዘግዩ፤ የአንድ ሰው መዘግየት የሁሉንም ምስክርነት ያስቀራል። ስትደርሱ ከታች ተቀመጡ። ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱ የሚገቡትን ቃል በጆሮአችሁ ስሙ። ምርቃት ሳይሰጥ አትነሡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሁለቱ አንዳቸው «በዚያ ቀን ነበርህ?» ብለው ቢጠይቋችሁ የምትመልሱት እንዲኖራችሁ ሆናችሁ ሂዱ።

አረጋዊው ጥበቃችንም ተጠርተዋል። ትናንት ማታ ሲሰናበቱኝ ለጉዞው የሚሆን ዱላ ከቤታቸው እንደሚያመጡልኝ ነግረውኛል። ጽሑፌን ባለቻት አራት ስንኝ ልሰናበት፤

ጫማህን አንጠልጥል፣ ወንዝህን ተሻገር፤
ከዳሱ ተቀመጥ፣ አድምጥ የቃል ነገር፤
ብሩ ተመንዝሮ፣ በሳምንቱ ያልቃል፤
አይቶ የመጣ ሰው፣ ቃል ኪዳኑን ያውቃል።

ቸር ያሰንብተን።